ከካርቱም ወደ ሱዋኪን

ብዙ ሰው የዕረፍት ጉዞ ማለት ሥራ ፈትቶ መንሸራሸር ብቻ ይመስለዋል። ስለዚህም የጉዞ ነገር ሲነሣ አስቀድሞ የሚጠይቀው ሁለት ጥያቄ ነው፤ ይኸውም «መሳፈሪያው ስንት ነው?» እና «ስንት ቦታ እናያለን?» የሚል ነው። ሁለቱም ጥያቄዎች አስፈላጊዎች መሆናቸውን አልክድም። ገንዘቡን ያልቆጠረ መንገደኛ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ቀኑን ያልቆጠረም ከሥራው ይዘገያል። ይሁን እንጂ በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ብቻ የተሠራ ዕቅድ እግርን እንጂ አእምሮን ከቤት አያወጣም የሚል አስተያየት አለኝ። ይህን አስተያየት ያገኘሁት ራሴ ከሠራሁት ስሕተት ስለሆነ፣ ነገሩን ከመነሻው አንሥቼ ላስረዳ።

በ2012 ዓ.ም. በሱዳን ዋና ከተማ በካርቱም በመምህርነት እኖር ነበር። ካርቱም ከአገራችን የሚወርደው ጥቁር ዓባይና ከደቡብ የሚመጣው ነጭ ዓባይ የሚገናኙባት ከተማ ናት። በዚያን ጊዜ ዴም በሚባለው ሠፈር እንጀራው፣ ቡናውና የአማርኛው ጨዋታ ስለማይታጣ፣ አገሩን የናፈቀ ሐበሻ ሁሉ ሲመሽ ወደዚያ ያዘነብል ነበር። የካርቱም ሙቀት ግን ለደጋ ሰው ከባድ ነው። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ባሉት ወራት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይወጣል፤ ሀቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል በተነሣ ጊዜም ቀኑ እንደ ምሽት ይጨልማል። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» እንዲሉ፣ ሁለት ታላላቅ ወንዞች በሚገናኙበት ከተማ ተቀምጠን ዘወትር የምንመኘው የባሕር ነፋስ ነበር።

በጥር ወር የአምስት ቀን ዕረፍት ባገኘን ጊዜ፣ እኔና ሁለት የሥራ ባልደረቦቼ ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻ ለመሄድ ተስማማን። ስለ አኳኋኑ ግን ሊስማማልን አልቻለም። አንደኛው ጓደኛችን፣ «እኔ የደጋ ልጅ ነኝ፤ ባሕር አይቼ አላውቅም። ስለ ፍርስራሽና ስለ ሙዚየም አትንገሩኝ፤ አሸዋው ላይ ተቀምጬ ውሃውን እያየሁ ልረፍ» አለ። ሁለተኛው የታሪክ መምህር ነበርና፣ «ውሃ በየትም አገር ውሃ ነው፤ ሰው የሚጓዘው የሰውን ሥራ ለማየት ነው» ሲል ተከራከረ። እኔም ሁለቱን ለማስታረቅ ብዬ ወረቀት አወጣሁና ያገኘሁትን የቦታ ስም ሁሉ ደረደርሁበት። የፖርት ሱዳን ገበያ፣ የሳንጋኔብ ደሴት፣ በተራራ ላይ ያለችው አርከዊት፣ ጥንታዊቷ ሱዋኪን፣ አንድም አላስቀረሁም። «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ዕቅድ ሳይሆን አይቀርም። ሸክሙ ብዙ ነበር፤ ማረፊያ ግን አልነበረውም።

የመጀመሪያው ቀን በአውቶቡስ አለቀ። ከካርቱም በአትባራ በኩል ፖርት ሱዳን ለመድረስ 800 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ ያስፈልጋል፤ በከሰላ በኩል የሚዞረው የቀድሞ መንገድ ደግሞ ከ1000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በማግሥቱ ነፋሱ በርትቶ ጀልባ ስንጠብቅ ግማሹ ቀን ሄደ። ወደ ሳንጋኔብ የሚወስደው ጊዜ ስለጠበበን በቅርቡ ያለውን ባሕር ብቻ በጀልባ አይተን ተመለስን። በሦስተኛው ቀን ወደ አርከዊት ስንወጣና ስንወርድ ዋልን። በአራተኛው ቀን ከፖርት ሱዳን ወደ ደቡብ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ሱዋኪን ስንደርስ ፀሐይዋ ልትጠልቅ አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ቀርቷት ነበር። ከአንዱ ፍርስራሽ ወደ ሌላው እየሮጥን ፎቶግራፍ አነሣን።

በዚያን ጊዜ አንድ ሽማግሌ ከግድግዳ ጥላ ሥር ተቀምጠው በከሰል ላይ ቡና ያፈሉ ነበር። የሚያፈሉበትን ዕቃ ስሙን ብጠይቃቸው «ጀበና» አሉኝ። ከዚያም በዓረብኛ፣ «ቁጭ በሉ፤ ቡናው ደርሶአል» ብለው ለመኑን። እኛም ሰዓታችንን አየንና አመስግነን አለፍን። የቡናን አገር ልጆች ሆነን፣ በሰው ደጅ የቀረበልንን ቡና በጥድፊያ ምክንያት እምቢ አልን። ከዚያ ጉዞ ሁሉ እስከ ዛሬ የሚጸጽተኝ ይህ ነው።

ወደ ካርቱም ከተመለስሁ በኋላ ስላየሁት ቦታ ማንበብ ጀመርሁ። ባነበብሁ ቁጥርም ያላየሁት ምን ያህል እንደ ሆነ ይገባኝ ጀመር። ዕውቀቱ ከጉዞው በፊት መምጣት ሲገባው ከጉዞው በኋላ መጣ። ከሁሉ አስቀድሞ የገባኝ ነገር ባሕርና ባህል በዚያ ዳርቻ ሁለት ነገሮች አለመሆናቸው ነው። የሁለቱም ጓደኞቼ ክርክር፣ የእኔም ማስታረቅ ከመሠረቱ የተሳሳተ ነበር።

ለዚህ የሱዋኪን ቤቶች ምስክር ናቸው። ሱዋኪን ከአንድ ኪሎ ሜትር የማይበልጥ ስፋት ያላት ክብ ደሴት ስትሆን፣ ከየብስ ጋር በድልድይ መንገድ ተገናኝታለች። ሕንጻዎቿ የተሠሩት ኮራል ከሚባለው የባሕር ድንጋይ ነው። ይህን ድንጋይ የሚሠሩት በባሕር ውስጥ የሚኖሩ እጅግ ጥቃቅን እንስሳት ናቸው። የሱዋኪን ሰዎች ኮራሉን ከባሕሩ እየቈረጡ፣ በኖራ እየመረጉና የተፈለፈለ የእንጨት መስኮት እያበጁለት ፎቅ ቤት ሠሩበት። ስለዚህ የከተማይቱ ግድግዳ ትናንት ባሕር የነበረ ነው። ባሕሩን የናቀ ከተማዋን አይረዳም፤ ከተማዋን የናቀም ባሕሩ ለሰው ምን እንደ ሠራ አያውቅም።

ሱዋኪን በ16ኛው መቶ ዓመት በቱርኮች እጅ ከገባች በኋላ ለብዙ ዘመን የሱዳን ዋና በር ሆና ኖራለች። ወደ መካ የሚሄዱ ምእመናን ወደ ጅዳ የሚሻገሩት ከዚያ ነበር። በአፈ ታሪክም ወደ ንጉሥ ሰሎሞን የተላኩ የሐበሻ ቆነጃጅትን የጫነች መርከብ በዚህች ደሴት አርፋ እንደ ነበረ ይነገራል። ታሪኳ ግን እንዲህ ለጨዋታ የሚመች ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1814 ቡርክሃርት የተባለው የስዊስ ተወላጅ መንገደኛ ከሸንዲ ወደ ሱዋኪን የተጓዘው ባሪያዎች ከሚነዱ ነጋዴዎች ጋር ነበር። ከሐበሻ ምድር የተጋዙ ወንዶችና ሴቶች ልጆችም በዚህ በር ወደ ዓረብ አገር ተሻግረዋል። ይህን የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ በዚያ ወደብ ቆሞ ባሕሩን ሲመለከት፣ የሚያየው የውሃውን ሰማያዊነት ብቻ ሊሆን አይችልም።

የሱዋኪን መፍረስም ራሱን የቻለ ትምህርት አለው። ሱዋኪንን የጣላት የጠላት ጦር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ የዑስማን ዲግና ሠራዊት ቢከባትም ሊይዛት አልቻለም። ነገር ግን የወደቧ መግቢያ ለታላላቅ መርከቦች ጠባብ ስለሆነ፣ እንግሊዞች በስተ ሰሜን አዲስ ወደብ ሠሩ። ይህም እ.ኤ.አ. በ1909 የተመረቀው ፖርት ሱዳን ነው። ንግዱ ወደዚያ ሲዛወር ነጋዴው ተከተለ፤ ነጋዴው ሲሄድ ቤቱ ባዶ ሆነ። የኮራል ቤት ደግሞ በየጊዜው ኖራ ካልተመረገ ዝናብና የባሕር ጨው ይበላዋል። ጦር ያልደፈራት ከተማ የሚመርጋት ሰው ባጣች ጊዜ ፈረሰች።

ባሕሩም ውስጥ እንዲሁ ታሪክ አለ። በዚያ በነፋሱ ቀን ጀልባችን ዊንጌት በሚባለው የኮራል ክምር አጠገብ አልፋ ነበር። ከሥሩ ኡምብሪያ የተባለች የኢጣልያ መርከብ እንደተኛች ያወቅሁት ግን በኋላ ነው። ይህች መርከብ በምሥራቅ አፍሪካ ለነበረው የኢጣልያ ጦር በመቶ ሺህ የሚቆጠር ቦምብ ጭና ስትሄድ፣ እ.ኤ.አ. በጁን 1940 ኢጣልያ ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት ከፈተች። የመርከቧ አዛዥ ጭነቱ በእንግሊዞች እጅ እንዳይወድቅ ብሎ ራሱ አሰጠማት። በዚያን ጊዜ አገራችን በፋሺስት ወረራ ሥር ነበረች፤ አርበኞችም በየጫካው ይዋጉ ነበር። ያ ቦምብ ቢደርስ ኖሮ በማን ራስ ላይ ይወርድ እንደ ነበረ ለመገመት አያስቸግርም። ዛሬ በመርከቧ አካል ላይ ኮራል በቅሎበት ዓሣ ይመላለስበታል። «ውሃ በየትም አገር ውሃ ነው» ያለው የታሪክ መምህሩ ጓደኛዬ ይህን በነገርሁት ጊዜ ለረዥም ጊዜ ዝም አለ።

ከቦታውና ከባሕሩ ይልቅ ግን ያመለጠን ሰው ነው። የዚያ ዳርቻና የተራሮቹ ነባር ሕዝብ ቤጃ ይባላል። ቋንቋቸው ኩሻዊ ስለሆነ ለኦሮምኛ፣ ለአፋርኛ፣ ለሶማልኛና ለአገውኛ የሩቅ ዘመድ ነው። በ4ኛው መቶ ዓመት የአክሱም ንጉሥ ዔዛና ባስቀረጸው የድንጋይ ጽሑፍ ላይም የቤጃ ስም ይገኛል። ቡናቸውን ዝንጅብል ጨምረው በጀበና ያፈላሉ፤ እንግዳም በዚያው ያስተናግዳሉ። እንግዲህ እነዚያ ሽማግሌ «ጀበና» ባሉኝ ጊዜ የነገሩኝ የዕቃ ስም ብቻ አልነበረም። በዚህ ዳርቻና በእኛ ቤት መካከል የሚመላለስ አንድ የቆየ ነገር እንዳለ ሲያሳዩኝ ነበር። እኔ ግን ሰዓቴን አየሁ።

ከዚህ ሁሉ በመነሣት አጭር የዕረፍት ጉዞ እንዴት መታቀድ እንዳለበት ያለኝን አሳብ ላቅርብ።

በመጀመሪያ ደረጃ ወቅቱን መምረጥ ያስፈልጋል። የቀይ ባሕር ዳርቻ የዝናብ ጊዜ እንደ ደጋው በክረምት አይደለም፤ ጥቂቱ ዝናብ የሚጥለው በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ገደማ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ግን ሙቀቱ ያቃጥላል። ስለዚህ ከኅዳር እስከ መጋቢት ያለው ጊዜ የተሻለ ነው።

ሁለተኛ፣ ቀኑን በሐቀኝነት መቁጠር ይገባል። አምስት ቀን ያለው ሰው ሁለቱ ቀን የመንገድ መሆኑን ተረድቶ በሦስት ቀን ብቻ ማቀድ አለበት። ከሦስቱ አንዱን ሙሉ ለሙሉ ለሱዋኪን፣ አንዱን ለባሕሩ፣ አንዱን ደግሞ ለገበያውና ለሰዉ ቢመድብ ይበቃዋል። የቀረው ይቅርበት። ስድስት ቦታ ረግጦ ከመመለስ አንዱን ቦታ ዐውቆ መመለስ ይሻላልና።

ሦስተኛ፣ ከመነሣት በፊት ማንበብና መጠየቅ ያስፈልጋል። ከፖርት ሱዳን በስተ ሰሜን ምሥራቅ ባሕሩ ውስጥ ያለው ሳንጋኔብ ቀለበት መሰል የኮራል ደሴት ሲሆን፣ በስተ ሰሜን ካለው ከዱንጎናብ ባሕረ ሰላጤና ከሙካዋር ደሴት ጋር እ.ኤ.አ. በ2016 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦአል። ሻዕብ ሩሚ በተባለው ስፍራ ደግሞ ፈረንሳዊው ዣክ ኩስቶ እ.ኤ.አ. በ1963 ከውሃው ወለል 10 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ቤት ሠርቶ፣ ሰዎች ለአንድ ወር እንዲኖሩበት አድርጎ ነበር። ይህን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ወደ ሳንጋኔብ ባይደርስ እንኳ፣ በባሕሩ ዳር ቆሞ የሚያየውን ያውቃል።

አራተኛ፣ እንግዳ መሆንን ማወቅ ይገባል። የአገሩን ሰላምታ መማር፣ ልብስን እንደ ባህሉ ማስተካከል፣ ሰው ሳይፈቅድ ፎቶግራፍ አለማንሣት የሚያስቸግር ነገር አይደለም። በባሕሩም ቢሆን እንግዶች ነን። የብዙው ዓይነት ኮራል ዕድገት በዓመት ከጥቂት ሴንቲ ሜትር አይበልጥም፤ የባሕሩ ሙቀት ከልክ ሲያልፍም ነጥቶ ይሞታል። ይህ ሁሉ ፈተና ያለበትን ነገር ጎብኚው በእግሩ እየረገጠ ቢሰብረው፣ ለመታሰቢያም ብሎ ቢሸከመው፣ ከእርሱ በኋላ ለሚመጣው ምን ይቀራል? ዋና የማይችል ሰውም አቅሙን ማወቅ አለበት፤ ባሕር የማያውቁትን አይምርም።

በዚህ ላይ፣ «ይህን ሁሉ ካነበብንና ካሰብን ዕረፍቱ የት አለ? ሰው የሚያርፈው ከአሳብ ለመገላገል አይደለምን?» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው ቀላል አይደለም። ዓመቱን ሙሉ የደከመ ሰው ጥቂት ቀን ዝም ብሎ መቀመጥ ቢሻ የሚነቀፍበት ምክንያት የለም። እኔ ግን በራሴ እንዳየሁት፣ ያደከመኝ ማሰቡ ሳይሆን ሳላስብ መሮጤ ነው። ዐውቆ የሄደ ሰው የትኛውን ትቶ የትኛውን እንደሚይዝ ስለሚያውቅ አይጣደፍም። የማይጣደፍ ሰውም ያርፋል። ስለዚህ ዕቅድ የዕረፍት ጠላት ሳይሆን ወዳጁ ነው።

ከዚህ በላይ የዘረዘርሁት ሁሉ ግን አንድ ስንቅ ከሌለ ዋጋ የለውም። እርሱም ሰላም ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ተጀመረ። እኛ ለመዝናናት የሄድንበት የፖርት ሱዳን መንገድ በጥቂት ቀን ውስጥ የስደት መንገድ ሆነ። ቤተ ሰብ በአውቶቡስ እየታጨቀ ወደ ባሕሩ ሸሸ፤ ብዙዎችም ከዚያ በመርከብ ወደ ጅዳ ተሻገሩ። በካርቱም ይኖሩ ከነበሩት ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ በመተማ በኩል ወደ አገራቸው ገቡ። እ.ኤ.አ. በ1971 የተከፈተውና ከፋራስ ቤተ ክርስቲያን የዳኑትን የኑቢያ ሥዕሎች የያዘው የካርቱም ብሔራዊ ሙዚየም በጦርነቱ ጊዜ ተዘረፈ። የሸሹትን የተቀበለችው ፖርት ሱዳንም እ.ኤ.አ. በሜይ 2025 በሰው አልባ አውሮፕላኖች ተደበደበች። ስለዚህ ያ ምድር ፈጽሞ ሳይረጋጋ ማንም ሰው ለመዝናናት ወደዚያ እንዲሄድ አልመክርም።

ታዲያ ስለማይሄዱበት ጉዞ ማቀድ ምን ይጠቅማል? እኔ ይጠቅማል እላለሁ። ስለ ጎረቤት አገር ከጦርነት ወሬ በቀር ሌላ የማያውቅ ሰው፣ ያ አገር ሰው የሚኖርበት፣ ቡና የሚፈላበት፣ ልጆች በባሕር የሚታጠቡበት መሆኑን ይረሳል። የረሳነውን ነገር ደግሞ ቢጠፋም አናዝንለትም። ሱዋኪን የፈረሰችው ሰው በተለያት ጊዜ ነው። የሰውም ወዳጅነት እንዲሁ በየጊዜው ካልተመረገ ይፈርሳል። ካርታውን ዘርግቶ፣ የከተማውን ስምና የሰዉን ልማድ እያጠና፣ ሰላም ሲሆን እሄዳለሁ ብሎ የሚያቅድ ሰው ቢያንስ በአሳቡ ኖራውን እያደሰ ነው።

ምክሩ ለሩቅ አገር ብቻ አይደለም። ተማሪዎች ከክፍላችሁ ጋር ወደ ጎንደር ወይም ወደ ላሊበላ፣ ወደ ላንጋኖ ወይም ወደ አርባ ምንጭ ለሽርሽር ስትነሡም ይሠራል። ከመነሣታችሁ በፊት ስለ ቦታው አንብቡ፤ የቦታውን ቍጥር ቀንሱ፤ የአገሩ ሰው ምን እንደሚወድና ምን እንደሚያስቀይመው ጠይቁ። «ሩቅ አሳቢ፣ ቅርብ አዳሪ» የሚባለው ቦታውን ሁሉ አያለሁ ብሎ አንዱንም ሳያይ ለሚመለሰው ነውና።

እነዚያ የሱዋኪን ሽማግሌ ዛሬ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ አላውቅም። እኔ ግን አሮጌውን ወረቀት አውጥቼ ዕቅዱን እንደገና ጽፌዋለሁ። አርከዊትን ሰርዣለሁ፤ ገበያውንም ለሌላ ጊዜ አቆይቼዋለሁ። ለሱዋኪን ሙሉ ቀን ሰጥቼ፣ ከሰዓት በኋላ ያለውን ሰዓት ምንም ሳልጽፍበት ባዶውን ትቼዋለሁ። ቡና ቁጭ ብሎ የሚጠጣበት ጊዜ ነው።